ዋናውን ሳንበላ ትርፉን እንጠቀም

ነጋዴ ወደ ጅማ የሚሄደው ቡና ሊገዛ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ዕቃ ሊያስለቅቅ ነው። ገበያ ወደሌለበት ስፍራ ግን እግሩ አያመራም። ስለዚህ በሀገራችን ያሉትን ዋሻዎችና የተጠበቁ ደኖች ከእኛ ይልቅ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው እንግዳ አብልጦ ያውቃቸዋል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለኝም። ነገራችንም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ሆኗል።

ለምሳሌ ያህል የባሌን ምድር እንመልከት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ደን ይገባል። በመላው ዓለም ቁጥሩ 500 ያህል ብቻ ከሆነው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ላይ ነው። በዲንሾ በኩል በእግር ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን ሲግጥ ይታየዋል።

ከእነዚሁ ተራሮች የሚፈልቀው የወይብ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው ውሃው የኖራውን ድንጋይ በረጅም ዘመን እየቦረቦረ ያበጀው ሲሆን፣ የመተላለፊያዎቹ ርዝመት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በውስጡም ግንበኛ ያቆማቸው የሚመስሉ ታላላቅ ዓምዶች አሉ። ስሙን ያገኘው ሼክ ሶፍ ዑመር ከተባሉት የሃይማኖት አባት ስለ ሆነና ምእመናን እስከ ዛሬ ስለሚሳለሙት፣ ጎብኚው እንደ ማንኛውም የጸሎት ስፍራ በአክብሮት ሊገባበት ይገባል። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ ጉዞው የሚመቸው በበጋ ነው፤ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ፣ የአካባቢውን መሪ መቅጠርና የእጅ ባትሪ መያዝም ያስፈልጋል።

«ይህ ለነጋዴ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። በንግድ ቤት ሒሳብ የሚጽፍ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዋናውን እየበላ ትርፍ የሚጠብቅ ነጋዴ መጨረሻው መክሰር ነው። የባሌ ደን ዋና ገንዘብ ነው፤ ውሃው፣ ማሩ፣ ቡናውና እንግዳው ትርፉ ናቸው። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡትን ወንዞች ታች ቆላ ያለው ከብት አርቢና ገበሬ ይጠጣቸዋል፤ ከብቱንና እህሉን የምንገዛውም እኛው ነን። በሐረና ደን ውስጥ ደግሞ ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል።

ላኪዎች በተለይ ሊያስቡበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የአውሮጳ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ወስኗል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢራዘምም ሐሳቡ አልተለወጠም። እንግዲህ ደኑን መጠበቅ ለቡናችን የይለፍ ወረቀት እንደ መያዝ ነው።

ደን የሚያጠፋው ከሰል አክሳዩ ድኻ ነው ማለት ለምዶብናል። ነገር ግን ከሰሉን ገዝቶ በካሚዮን የሚያስጭነው፣ ግንዱንም ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ የሚረከበው ማን ነው? ገዢ ከሌለ ሻጭ አይኖርም። በአንጻሩም ድኻው ሌላ መተዳደሪያ ሳያገኝ ገበያውን ብንዘጋበት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ስለዚህ ከሰሉን የምንተወው ማሩንና የጫካ ቡናውን በሚገባው ዋጋ እየገዛን መሆን አለበት።

ወደ ቦታው ሄዶ ያላየ ሰው ግን ይህን ሁሉ ከልቡ አይቀበለውም። በወረቀት ላይ «ደን» የሚለው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ሐረና ውስጥ የቆመ ሰው ግን የሚጠፋው ምን እንደ ሆነ ያስተውላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ሥራ በሚቀዘቅዝበት በገና ወይም በጥምቀት ሰሞን ጥቂት ሠራተኞቹን ወደ ባሌ እንዲልክ አሳስባለሁ። የሚሄዱትም የመግቢያውንና የመሪውን ዋጋ ሳይከራከሩ ይክፈሉ፤ ስንቃቸውን ከሮቤና ከጎባ ባለሱቆች ይግዙ፤ በዋሻው ግድግዳ ላይ ስማቸውን ከመጻፍ ይጠበቁ፤ ቆሻሻቸውንም ይዘው ይመለሱ። ከተመለሱም በኋላ ግንድ ወይም ከሰል ለመረከብ ደረሰኝ ሲቀርብላቸው፣ ከመፈረማቸው በፊት «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ።