ጥፋት ሳይታመን ቁጣ አይበርድም

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በጠቅላላውም ከጉና ተራራ ግራና ቀኝ ባለው አገር፣ በሁለት ወገኖች መካከል ደም ሲፈስ ነገሩን የሚያበርዱት ሽማግሌዎች ናቸው። ሽምግልናውም የራሱ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ በዳዩና ወገኖቹ «አጥፍተናል» ብለው ያምናሉ፤ በዳዩም ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ፊት ይቅርታ ይለምናል። ካሳው የሚቆረጠውና መሐላው የሚፈጸመው ከዚህ በኋላ ነው። ጥፋቱ ሳይታመን ካሳ ቢቀርብ ግን፣ ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ የሟች ወገን የወንድሙን ደም የሸጠ ይመስለዋል እንጂ ልቡ አይታረቅም። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት ይህንን ስለሚያውቁ ነው።

ይህ እውነት በሁለት ሰዎች ጠብ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀን ባለቀበት አደጋም ይሠራል። ከአገራችን እጅግ ርቆ በእንግሊዝ አገር፣ በሼፊልድ ከተማ፣ ሂልስቦሮ በተባለው ስታዲየም የደረሰው እልቂት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል።

ሚያዝያ 7 ቀን 1981 ዓ.ም. የሊቨርፑልና የኖቲንግሃም ፎረስት ቡድኖች ለግማሽ ፍጻሜ የዋንጫ ግጥሚያ በዚያ ስታዲየም ተገናኙ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች የሚገቡባቸው በሮች ጥቂትና ጠባብ ስለ ነበሩ ከውጭ ከባድ መጨናነቅ ተፈጠረ። ይህንን ለማቃለል የፖሊሱ አዛዥ አንድ ትልቅ የመውጫ በር እንዲከፈት አዘዘ። በሩም ተከፈተ፤ ነገር ግን ቀድሞ ወደ ሞላው መካከለኛ መቆሚያ የሚወስደውን መተላለፊያ የዘጋ አልነበረም። ሕዝቡ ፊት ለፊት ያገኘውን መንገድ ይዞ ገባ። መቆሚያው በብረት አጥር የተከበበ በመሆኑ ከፊት ያሉት የሚሸሹበት ስፍራ አጡ፤ ብዙዎቹም በሰው ግፊት ታፍነው ሞቱ። ጨዋታው በተጀመረ በ6 ደቂቃ ያህል ቆመ። በዚያ አደጋ ምክንያት የሞቱት ሰዎች፣ ከብዙ ዓመታት ሕመም በኋላ ያረፉትን ጨምሮ፣ 97 ናቸው።

ሐዘኑ ከባድ ነበር። ቁጣውን ያቀጣጠለው ግን ሞቱ ብቻ ሳይሆን ከሞቱ በኋላ የተነገረው ውሸት ነው። አዛዡ በሩን ያስከፈተው ራሱ ሆኖ ሳለ ደጋፊዎች ሰብረው እንደ ገቡ አድርጎ ተናገረ። ከአራት ቀን በኋላም ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ ደጋፊዎቹ የሟቾችን ኪስ እንደ በረበሩ በፊት ገጹ አወጣ። በዚያው ዓመት ነገሩን የመረመሩት ዳኛ ፒተር ቴይለር የአደጋው ዋና ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር መጓደል መሆኑን ገለጡ። ይሁን እንጂ የአሟሟቱን ሁኔታ እንዲያጣራ የተሰየመው ችሎት በ1983 ዓ.ም. «በድንገተኛ አደጋ የደረሰ ሞት ነው» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

መዝገቡ ቢዘጋም የሟቾች ወላጆች ልብ አልተዘጋም። ከዓመት ዓመት እየተሰበሰቡ፣ አቤት እያሉ፣ ሰነድ እያስፈተሹ ቆዩ። በመጨረሻም በ2005 ዓ.ም. ነጻ የሆነ አጣሪ ጉባኤ ምስጢሩን አወጣው፤ ይኸውም 164 የምስክርነት ቃሎች ጉልህ ለውጥ እንደ ተደረገባቸው፣ ከእነዚህም ውስጥ በ116ቱ ላይ ፖሊስን የሚያስነቅፉ ቃላት እንዲወጡ ወይም እንዲለወጡ መደረጉን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ሚያዝያ 18 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ ችሎት የተቀመጡት ፈራጆች ሟቾቹ ከሕግ ውጭ እንደ ተገደሉ፣ ደጋፊዎቹም ለአደጋው ተጠያቂ እንዳልሆኑ ወሰኑ። ይህ ቃል እስኪነገር 27 ዓመት ፈጀ። አዛዡ በወንጀል ተከስሶ በ2012 ዓ.ም. በነጻ ተለቀቀ። ጋዜጣውም ዘግይቶ ይቅርታ ቢጠይቅ፣ በሊቨርፑል ከተማ ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ አይገዙትም።

«የሞቱት ላይመለሱ፣ የቆየ ነገር እያነሡ ቁስልን መነካካት ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። አነጋገሩ ለሰላም ያሰበ ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን በሁለት ምክንያት ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ሟች ስለ ራሱ መናገር አይችልም። በሐሰት ስሙ ሲጠፋ ዝም ብሎ ማለፍ ሁለተኛ ጊዜ እንዲሞት መፍቀድ ነው። ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ አደጋ ተመልሶ ይመጣል። በሂልስቦሮ የደረሰው ከተመረመረ በኋላ በእንግሊዝ ታላላቅ ስታዲየሞች የብረት አጥሮች ተነሥተዋል፤ ተመልካቹም በየወንበሩ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ይህ የተገኘው በመርሳት ሳይሆን በመጠየቅ ነው።

ሌሎች ደግሞ «የፈጣሪ ቁጣ ነው፤ ሰውን አትውቀሱ» ይላሉ። መብረቅና ነውጥ ከሰው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። በር መቆለፍ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። ግንቦት 1 ቀን 1993 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ በአክራ ስታዲየም የሆነውን እንመልከት። የተሸነፈው ቡድን አንዳንድ ደጋፊዎች ወንበር እየነቀሉ መወርወር ጀመሩ፤ ፖሊስም የሚያስለቅስ ጭስ ተኮሰ። ሕዝቡ ደንግጦ ወደ መውጫው ሲሮጥ በሮቹ ተቆልፈው ተገኙ፤ ከ120 የሚበልጡ ሰዎችም አለቁ። ወንበር የወረወረ አጥፍቷል። ነገር ግን የእርሱ ጥፋት ጭሱን የተኮሰውንና ቁልፉን የያዘውን ሰው ጥፋት አይሸፍንም። ኃላፊነት ለእያንዳንዱ እንደ ሥልጣኑ መጠን ይከፈላል፤ የበለጠ ሥልጣን የያዘ የበለጠ ይጠየቃል።

ይህን ስል ቁጣ ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ቁጣ ጥያቄ ያነሣል እንጂ ዳኛ ሊሆን አይገባውም። ማስረጃ ሳይቀርብ በመጀመሪያ በተጠራው ሰው ላይ ድንጋይ የሚያነሣ ሕዝብ፣ እውነቱን ከሚደብቀው ባለ ሥልጣን ብዙ አይሻልም። የሊቨርፑል ቤተሰቦች የሚያስመሰግናቸው ቁጣቸውን ወደ በቀል ሳይሆን ወደ ምርመራ መምራታቸው ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ስፍራ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ለሕንፃ ሥራ የቆመ የእንጨት መወጣጫ በበዓል ቀን ተደርምሶ ከ30 የሚበልጡ ምእመናን አልቀዋል። እነዚህ የኳስ ሜዳ አደጋዎች አይደሉም፤ የሚያስነሡት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ አደጋውን አስቀድሞ ማየትና መከላከል የማን ተግባር ነበር?

ኳስ ሜዳውንም ቢሆን አንርሳ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም የሚፈለገውን መመዘኛ አላሟላም ብሎ ስለ ከለከለ፣ ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን ያስተናገደውና 2 ለ 0 ያሸነፈው በሰው አገር፣ በማላዊ ነበር። በሜዳ ማጣታችን መቆጨታችን ተገቢ ነው። ሆኖም የመውጫ በር ስፋት፣ የተመልካች መቀመጫና የሕክምና ክፍል የሚጠየቁት ለቅንጦት አይደለም። ከእያንዳንዱ መመዘኛ በስተ ጀርባ ከኳስ ሜዳ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው አለ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋት ማንም ሳይጠብቀው ይመጣል፤ የሂልስቦሮ እውነት ግን 27 ዓመት ሳይተኙ የጠበቁትን ሰዎች ፈልጓል። ስለዚህ ነገ በንፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የትምህርት ቤቶች ግጥሚያ ሲኖርና ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ «ማን ያሸንፋል?» ከማለታችን በፊት «በሩ ስንት ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ቁልፉ በእጃችን ከሆነም በሩ አጠገብ እንቁም፤ ብናጠፋ ደግሞ ሽማግሌ እስኪላክብን ሳንጠብቅ «አጥፍቻለሁ» እንበል።