«ጠንካራ ጎንሽን ጻፊ»

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚለያት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ለውሎ አበል ይበቃል፤ የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጉዞው አያደክምም። መሥሪያ ቤቱም፣ ፕሮጀክቱም፣ ማኅበሩም ሰዉን ጭኖ ወደ አዳማ ሆቴሎች ይወርዳል። በአዳራሾቹ ውስጥ የስብዕና ግንባታ፣ የማይንድሴት ወይም የላይፍ ኮቺንግ ስልጠና ያልደረሰው ሠራተኛ ጥቂት ነው። አካሄዱ የታወቀ ነው፦ ፍሊፕ ቻርቱ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንድ ወገን «ጠንካራ ጎን»፣ በሌላው «ደካማ ጎን» ይጻፋል፤ ሰልጣኞች በቡድን በቡድን ይሞሉታል፤ ከሻይ እረፍት በኋላ አሰልጣኙ የችግሩ ሁሉ ሥር «አመለካከት» መሆኑን ያስረዳል። ግምገማ ለለመደ አገር ይህ እንግዳ አይደለም። እንግዳው ነገር ሳይንስ መባሉ ነው፤ የኮቺንግ ሥነ ልቦናና የፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ ጥናት እንዲህ ይላል እየተባለ ይቀርባል። ጥናቱ ግን እንዲህ አይልም። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በስፌት መስመር፣ በአበባ እርሻና በሸንኮራ ማሳ ለሚውለው ሰው ደግሞ ይህ ትምህርት አሁን በሚቀርብበት መልኩ ጥፋቱን ከባለቤቱ ወደ ተጎጂው ማሻገሪያ ሆኗል።

ማርቲን ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ሙያው ከሰው ሕመም ጋር ብርታቱንም እንዲያጠና ጥሪ አቀረቡ። ጥሪው ተገቢ ነበር። በ2004 ከክሪስቶፈር ፒተርሰን ጋር 24 የባሕርይ ጥንካሬዎችን ዘርዝረው አሳተሙ። በ2005 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢንተርኔት በተመዘገቡ ፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ዋና ዋና ጥንካሬዎቹን ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በአዲስ መንገድ የተጠቀመ ሰው ደስታው ከፍ ብሎ እስከ ስድስት ወር እንደቆየ ጻፉ። አዳራሹ ከዚህ ቀድቷል። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው የተማሩና ኑሯቸው የተደላደለ ነጮች እንደነበሩ፣ ደስተኛ መሆን ፈልገው በራሳቸው እግር እንደመጡ ግን አይነገርም። በ2012 በካናዳ ሙከራው ሲደገም፣ ልምምዱን የሠሩት ሰዎች መልካም ትዝታቸውን እንዲጽፉ ብቻ ከታዘዙት አልበለጡም። ከዓመት በኋላ ደግሞ ኒኮላስ ብራውን፣ አላን ሶካልና ሃሪስ ፍሪድማን «ለአንድ አሉታዊ ስሜት ሦስት ያህል አዎንታዊ» የሚለው ዝነኛ ቀመር የተመሠረተበት ሒሳብ ባዶ መሆኑን አሳዩ። ለእውነት ያህል፣ ኮቺንግ ራሱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የ18 ጥናቶች ማጠቃለያ በድርጅቶች ውስጥ የሚሰጠው ኮቺንግ ሠራተኛውን እንደሚጠቅም አግኝቷል። ያ ግን በአብዛኛው አሰልጣኝና ሰልጣኝ ፊት ለፊት ተቀምጠው በተደጋጋሚ የሚያደርጉት ሥራ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ በማይክሮፎን ማስጨብጨብ በዚያ ጥናት ስም ሊነግድ አይገባውም።

ከሁሉ በላይ የተሰራጨው ቁጥር 10 በመቶ ነው። ሶንያ ሉቦሚርስኪና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጽሑፍ፣ በሰዎች መካከል ካለው የደስታ ልዩነት 50 በመቶው ከተፈጥሮ፣ 40 በመቶው ሆን ተብሎ ከሚደረግ ተግባር፣ 10 በመቶው ብቻ ከኑሮ ሁኔታ እንደሚመጣ ገመቱ። ከዚህ ተነሥቶ «ያለህበት ሁኔታ ምንም ማለት አይደለም፣ ዋናው አንተ ነህ» ይባላል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለ ልዩነት ነው፤ የተለካውም ኑሯቸው እጅግ በማይራራቅ ሰዎች መካከል ነው። ቧንቧው ለሁሉም ንጹሕ ውሃ በሚያወርድበት ከተማ ውሃ የአንዱን ደስታ ከሌላው አይለይም፤ ስለዚህ በስሌቱ ውስጥ ከቁጥር አይገባም። ወንጂ ላይ ይገባል። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሥራ ባስጀመሩት የስኳር ልማት ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው የኖሩ ሠራተኞች፣ ከፍሎራይዱ ብዛት የተነሣ ጥርሳቸው በልዞ፣ ከዚያም አልፎ አንገትና ወገባቸው አልታጠፍ እስኪል መገጣጠሚያቸው መድረቁን ሐኪሞች መዝግበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያልፋሉ። አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ሰው በሚታይበት አካባቢ ቆሞ «ፈገግታ ምርጫ ነው» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። የስሌቱን አተረጓጎም ብራውንና ጁሊያ ሮረር በ2019 ሲተቹት፣ ከመጀመሪያዎቹ ደራሲዎች ሁለቱ የትችቱን ብዙ ክፍል ተቀብለዋል። አዳራሹ ግን ገና አልሰማም።

የጥንካሬ ልምምዱ ዋና ትእዛዝ «በአዲስ መንገድ ተጠቀምበት» የሚል ነው። ለመምህር፣ ለመሐንዲስ፣ ለባለ ሱቅ ይህ ትርጉም ይሰጣል፤ ሥራውን በመጠኑም ቢሆን ራሱ ያቀናብረዋልና። በ2011 ዓ.ም. መስከረም በተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዓይነት ቦታ፣ በስፌት መስመር ላይ የተቀመጠችን ሴት ግን አስቡ። ሸሚዙ በብዙ ትንንሽ ሥራ ተከፋፍሎ ለእሷ የደረሳት ኮሌታ መግጠም ነው፤ ከእሷ ቀጥላ ያለችው እጅጌ ትገጥማለች። በሰዓት ስንት እንደሚጠበቅባት ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ስፌቱ ከመስመሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ካፈነገጠ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ትመልሰዋለች፤ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል፣ ታርጌቱ ግን ቆሞ አይጠብቃትም። እዚህ ወንበር ላይ አዲስ መንገድ ማለት ጉድለት ማለት ነው። በባቱ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ፣ ጽጌረዳውን እንደ ግንዱ ቁመት ለይታ የምታስረውም ሥራዋ ያው ነው፤ ርዝመቱን የምትወስነው እሷ አይደለችም። ፈጠራ፣ የማወቅ ጉጉት፣ መሪነት ብላ በወረቀቷ ላይ ያሰፈረችው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማዋያ ግን የለውም። ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ሠራተኛን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው የሥራው ክብደት በሥራው ላይ ምንም ቃል ከማጣት ጋር ሲገናኝ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ይህን ጥናት ያነበበ አሰልጣኝ ስልጠናውን ለሠራተኛዋ ከመስጠቱ በፊት ለመስመር አለቃዋ በሰጠ ነበር።

ፋብሪካው ሠራተኛ አልበረክት ሲለውም የሚሰጠው ምክንያት ያው ነው፤ የሥራ ባህል የለም፣ የአመለካከት ችግር አለ፣ ስለዚህ የሶፍት ስኪል ስልጠና ይሰጥ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ተከታትለዋል። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ፣ ሁለተኛው 300 ዶላር ገደማ ከንግድ ስልጠና ጋር፣ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ፋብሪካ ከገቡት ሦስት አራተኛው ያህል በዓመቱ ለቀው ነበር። ገቢያቸው ምንም ካላገኙት አልበለጠም፤ ከባድ የጤና እክል ግን እጥፍ ያህል ሆኖባቸዋል። ገንዘቡን የወሰዱት ገቢያቸው በሢሶ አደገ። በአምስተኛው ዓመት ይህ ሁሉ ልዩነት በአብዛኛው እንደጠፋ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ስለጻፉ፣ 300 ዶላር ድህነትን ይነቅላል የሚል ካለ እሱም ተሳስቷል። የለቀቁት ሰዎች ግን ሒሳብ ሠርተው የለቀቁ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ካለ በኋላም የግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ለዓመታት ሳይወሰን በቆየበት አገር፣ አልሠራም ብሎ መውጣትን የአመለካከት ችግር ብሎ መጥራት ነገሩን መገልበጥ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል፤ የአስተሳሰብ ስልጠና ሠርቶ ያውቃል። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በ1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ሙከራ፣ የራስ ተነሣሽነትን የሚያሰለጥን ትምህርት ትርፍን በ30 በመቶ ሲያሳድግ የተለመደው የንግድ ስልጠና ግን ያን ያህል አላመጣም። እዚሁ ኦሮሚያ፣ በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ፣ ደርኮንና አለማየሁ ስዩም ታፈሰ ያሉበት ቡድን ከገበሬው መካከል ወጥተው ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ በፊልም አሳይቶ፣ ከስድስት ወር በኋላ ቁጠባና ለልጆች ትምህርት የሚውለው ወጪ መሻሻሉን አግኝቷል። በአዲስ አበባም ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ማመልከቻ አጻጻፍ የተማሩበትና ችሎታቸው ተፈትኖ ሰርተፊኬት የያዙበት አጭር ወርክሾፕ ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸውን ከፍ አድርጎ ተገኝቷል። ሁሉንም እቀበላለሁ፤ ሁሉም ለእኔ ይመሰክራሉና። የሎሜዋ ነጋዴ ምን እንደምትሸጥና ለማን እንደምትሸጥ ራሷ ትወስናለች። የዶባ ገበሬ ያየው እንደ እሱ ዝናብ የሚጠብቅን ሰው ነው፤ ያ ሰው ምን በምን ቅደም ተከተል እንዳደረገም አብሮ አይቷል። የአዲስ አበባው ወጣት ይዞት የወጣው ቀጣሪ የሚያነበው ወረቀት ነው። ትምህርቱ የሠራው ሰውየው የሚወስነው ነገር በእጁ ስላለ ወይም ስለተሰጠው ነው። አዳማ ራሷ ይህን ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በስድስት ከተሞች የተጀመረውና እሷንም የጨመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክት ስልጠናውን ከብድር ጋር አያይዞ ነው የመጣው።

ሌላው ተቃውሞ ለስለስ ያለ ነው፤ ደመወዝ መጨመር ካልተቻለ ተስፋ መስጠት ምን ይጎዳል? ይጎዳል። ሁሉም ነገር በእጅሽ ነው የተባለች ሴት ወራት ቆጥራ ምንም ሳይለወጥ ስታይ ጥፋቱን የምትፈልገው ራሷ ውስጥ ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የኮቺንግ ሥነ ልቦናን በአውስትራሊያ ያቋቋመው አንቶኒ ግራንትና ባልደረቦቹ፣ ለላይፍ ኮቺንግ ከተመዘገቡት ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ሕክምና የሚያሻው ጭንቀት እንዳለባቸው በመጠይቅ አውቀዋል። በአዳራሹ በር ላይ ግን እንዲህ ዓይነት ማጣሪያ የለም። ተስፋ በነጻ ይገኛል የሚለውም አይይዝም። በኬንያ ገጠር ከ5,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ የአምስት ሳምንት የሥነ ልቦና ድጋፍ ከዓመት በኋላ የሚለካ ለውጥ አላሳየም፤ በቀጥታ የተሰጠው ገንዘብ ግን ኪስንም መንፈስንም አሻሽሏል።

ለእነዚህ ስልጠናዎች በጀት የምታጸድቁ የፋብሪካ፣ የቢሮና የፕሮጀክት ኃላፊዎች፣ ሰዉን ከሰበሰባችሁ አይቀር የደመወዝ ወረቀቱን ማንበብ አስተምሩት፤ በአዋጁ መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ የሌሊቱ በአንድ ነጥብ ሰባት አምስት እንደሚባዛ፣ ማኅበር ማቋቋም መብቱ እንደሆነ አሳዩት። የጥንካሬ ስልጠናው ይቀጥል የምትሉ ከሆነም ፈትኑት። ለመሰልጠን የሚመዘገበው ሰው ከወንበሩ ሲበልጥ የሚገቡት በዕጣ ይለዩ፤ ከስድስት ወር በኋላ የገቡትም ያልገቡትም ደመወዝ፣ ጤናና የሥራ ቆይታ ይመዝገብ። ልዩነት ካልተገኘ የሚቀጥለው ዓመት የአዳራሽ ኪራይ ለሠራተኛው ደመወዝ ጭማሪ ይዋል።