ቀርቦ የሚያይ ዓይን

ለመንገድ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስንቁን ነው። አያቶቻችን በሶና ጭኮ ቋጥረው፥ በትራቸውን ተመርኵዘው ይወጡ ነበር፤ በተመለሱም ጊዜ ያዩትን ሁሉ በምድጃ ዳር ለልጆቻቸው በቃል ይተርኩ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ከስንቁ ጋራ ካሜራ የማይዝ መንገደኛ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ካሜራ የሌለውም ቢሆን ስልኩ ካሜራ ሆኖለታል። እንግዲህ በዚህ ወር ከውድ አንባብያን ጋራ የምንነጋገርበት ጉዳይ ይህ ነው፤ መንገደኛ ምን ዓይነት ካሜራ ቢይዝ ይበጀዋል? በያዘውስ እንዴት ቢጠቀም ለራሱም ለሚያነሣቸውም ሰዎች መልካም ይሆናል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ በተጓዝን ጊዜ አንድ ወዳጃችን አብሮን ነበረ። እርሱ ትልቅ ካሜራ፥ ሦስት ሌንሶችና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በከባድ ቦርሳ ተሸክሞ ነበር። እኛ የያዝነው በካፖርት ኪስ የምትገባ፥ ሌንሷም ከአካሏ የማይለይ አንዲት ትንሽ ካሜራ ብቻ ነበረች። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነውና ወዳጃችን ዳገቱን ሳያጋምስ ትንፋሽ አጠረው፤ ቦርሳውንም ለአንድ ወጣት አሸከመው።

ይህ ችግር ግን በእርሱ አልተጀመረም። በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ በኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ በተራራ ላይ መመላለስን የሚወድ፥ ነገር ግን የአስም ሕመም ያለበት ሰው ነበር። የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ መሣሪያ ከነመስተዋት ሰሌዳው ለእንዲህ ያለ ሰው ከባድ ሸክም ነበረ። ስለዚህም ባርናክ ለሲኒማ በሚሠራው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራ ትንሽ ካሜራ አሰበ፤ ይኸውም ላይካ የተባለው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ለሕዝብ ታየ። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲየ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 ዓ.ም. ላይካ ካገኘ ወዲህ በየአገሩ ሲዞር አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሠርቷል። በእኛም ዘመን ያው አሳብ አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ፉጂፊልም ኤክስ 100 የማይነቀል፥ ኤፍ 2 የሆነ አንድ ሌንስ ብቻ ይዞ የተሠራ ነበር።

ኤፍ 2 ማለት ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፤ ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። የሌንሱ የትኵረት ርቀት በዚህ ቍጥር ሲካፈል ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ወርድ ይገኛል። ለምሳሌ የትኵረት ርቀቱ 35 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ በኤፍ 2 ሲከፈት የቀዳዳው ወርድ 17.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኤፍ 5.6 ሲሆን ግን 6.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወርዱ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ቀዳዳው ክብ ስለ ሆነ ግን የሚገባው ብርሃን ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ዓይኑ ሰፊ ነው ማለት ነው።

የዚህን ጥቅም የተረዳነው በቤተ ማርያም ውስጥ ነው። ከዓለት የተፈለፈለ ቤት መስኮቱ ጥቂት ነውና ከውጭው ፀሐይ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ለጊዜው ዓይኑ ይጨልምበታል። ጥቂት ቆይቶ ግን የዓምዶቹ ቅርጽ፥ የጣሪያው ሥዕል፥ በጧፍ ብርሃን የተቀመጡት ሰዎች ፊት ቀስ በቀስ ይገለጥለታል። የእኛ ካሜራ በኤፍ 2 ተከፍታ በሰከንድ 1/30 ሥዕሉን ስትቀበል፥ የወዳጃችን ሌንስ ከኤፍ 5.6 በላይ አልከፈት ብሎ የሰከንድ 1/4 ጠየቀው። በዚህን ያህል ጊዜ የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም፤ የሚሰግድም ሰው እንደ ሐውልት አይቆምም። ማቆሚያውን እንዳይዘረጋ ሕዝቡ ተጨናንቋል፤ ብልጭታ እንዳያበራ ደግሞ ጸሎተኛውን ያውካል፥ ያንን የጧፍ ብርሃንም ያጠፋዋል። ቀለም በብርሃን ብዛት የሚደበዝዝ ነገር ነውና የሥዕሎቹ ጠባቂዎች ብልጭታን ሲከለክሉም ሊሰሙ ይገባል።

ነገር ግን ሰፊ ዓይንም የራሱ ጠባይ አለው። በቅርብ ሲያነሡበት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥቂት ብቻ ነውና ትኵረቱ በሰውየው ዓይን ላይ ሊያርፍ ይገባዋል፤ ጆሮው ቢደበዝዝ ግድ የለም። አንሺው ሥዕል ከሌለበት ግድግዳ ትከሻውን አስጠግቶ፥ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ፥ ትንፋሹን ይዞ ይጫን። ሌላም ነገር አለ፤ ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ሥዕሉን ያጨልማል፤ የወገኖቻችንም ፊት ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማቅናት የብርሃን ማስተካከያውን ወደ +1 ማድረግ ነው። በጨለማ ውስጥ ጥቂት ጧፍ ሲበራ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣልና ወደ −1 ይመለሳል።

ዙም የሌለው ሌንስ ሩቁን ስቦ አያቀርብም፤ የሚያቀርበው የአንሺው እግር ነው። 12 ሜትር ያህል ወደ ታች በተፈለፈለው በቤተ ጊዮርጊስ ግቢ ቆሞ ሙሉውን ሕንጻ ለማንሣት ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ አይገኝም፤ ወይ ወደ ላይ ወጥቶ ከዓለቱ አፋፍ መመልከት፥ ወይ በታች ቆይቶ መስኮቱን ወይም በእግር ብዛት የተበላውን ደረጃ ማንሣት ነው። የሰውን ፊት የፈለገ እንደ ሆነ ግን ሁለት እርምጃ ያህል እስኪቀር ድረስ መቅረብ አለበት። ወደ ሰው የቀረበ ደግሞ ሰላምታ ሊሰጥ ይገባዋል። እኛ የተሳሳትነው በዚህ ነው።

በበዓሉ ዋዜማ አንዲት አረጋዊት እናት በግንብ ጥላ ተቀምጠው፥ ዓይናቸውን ጨፍነው መቍጠሪያቸውን ይቈጥሩ ነበር። ካሜራችን ትንሽና ድምፅ የሌላት መሆኗ ደፋር አደረገንና ሳንናገር ቀርበን አነሣናቸው። እርሳቸውም ዓይናቸውን ገልጠው አዩን፤ ነጠላቸውንም በፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው፥ «ልጄ፥ ይህን ለማን ታሳየዋለህ?» አሉን። የምንመልሰው አጣን። ፎቶግራፉ እጅግ ያማረ ነበር፤ ዳሩ ግን የተሰረቀ ነበርና በፊታቸው አጠፋነው፤ ይቅርታም ጠየቅን።

ከዚያ በኋላ ከአጠገባቸው ተቀምጠን ስለ መንገዳችን ስንጨዋወት የልጅ ልጃቸው መጣ። እናታችንም ነጠላቸውን አስተካክለው፥ «በል እንግዲህ፥ አሁን ከዚህ ልጅ ጋራ አንሣኝ፤ በወረቀትም አድርገህ ላክልኝ» አሉን። አነሣናቸው። ልጁም የቤታቸውን አድራሻ በማስታወሻችን ላይ ጻፈልን፤ እኛም በወሩ እንልካለን ብለን ቃል ሰጠን። በማግሥቱ ካህናቱ ከላይ በዓለቱ አፋፍ፥ ከታችም በግቢው ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲዘምሩ ያነሣናቸውን ብዙ ሥዕሎች አዲስ አበባ በገባን በሳምንቱ ለወዳጅ ሁሉ አሳየን። የእናታችንን ሥዕል ግን ዛሬ ነገ ስንል ሳናሳትመው ዓመቱ አለቀ።

በተከታዩ ዓመት ለዚያው በዓል ስንነሣ ፎቶግራፉን በፎቶ ቤት አሳትመን፥ በካርቶን አድርገን ያዝን። ቤቱን ጠይቀን ስንደርስ የተቀበለችን ልጃቸው ነበረች። እናታችን በሰኔ ወር ዐርፈው ነበር። እርስዋም ፎቶግራፉን ተቀብላ ብዙ ጊዜ ተመለከተችውና፥ «በለቅሶው ድንኳን የምናቆመው አንድ ሥዕል እንኳ አልነበረንም» አለች። አልወቀሰችንም፤ ቡና አፈላችልን፥ ፎቶግራፉንም በግድግዳው ላይ አደረገችው። እኛ ግን ያንን ቡና አንገታችንን ደፍተን ጠጣን፤ ለአንድ ፎቶግራፍ ማሳተሚያ የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ እናውቅ ነበርና።

ስለዚህ አንባቢያችን ትንሽ ካሜራና ሰፊ ዓይን ያለው አንድ ሌንስ ይዘው ቢጓዙ ሸክምዎ ይቀላል፥ በጨለማም ያለ ብልጭታ ያነሣሉ፤ በስልክም ቢሆን ሥዕሉን በጣት ከመሳብ ይልቅ በእግር ይቅረቡ። ነገር ግን የካሜራዎ ትንሽነት ሰውን ሳያስፈቅዱ ለማንሣት አያደፋፍርዎ። የሚያነሡትን ሰው አስቀድመው ሰላም ይበሉ፤ ፈቃዱን ይጠይቁ፤ እምቢ ቢል አመስግነው ይለፉ። እሺ ብሎ የሥዕሉን ቅጂ የጠየቀዎትን ሰው አድራሻ ይመዝግቡ፤ ከቤትዎ በገቡም በመጀመሪያው ሳምንት፥ ለወዳጅ ከማሳየትዎ በፊት፥ የእርሱን አሳትመው ይላኩ። ይህን ገጽ በሚያነቡበት ሰዓት በካሜራዎ ወይም በስልክዎ ውስጥ እንልካለን ተብሎ የቀረ የሰው ፊት ካለ፥ ነገ ጧት ወደ ፎቶ ቤት ይሂዱ።