ዝም ብዬ ነው

«ወክ» ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሲመጣ ግን ግማሽ ጓዙን እዚያው ጥሎ ነው። እንግሊዙ በእግሩ ሥራ ቢሄድም፣ ውሻውን ቢያንሸራሽርም በዚሁ ቃል ይጠራዋል። እኛ ዘንድ ታክሲ ጠፍቶበት ከመገናኛ ኮተቤ በእግሩ የገባ ሰው «ወክ አደረግኩ» ቢል ይሳቅበታል፤ ያ ሰው ኳትኗል። ወክ የሚባለው መድረሻ የሌለው፣ ቢቻል ሁለት ሰው ሆኖ ፀሐይዋ በረድ ስትል የሚደረገው ነው።

አማርኛ ቃል ቸግሮት አልተዋሰውም። ሽርሽር አለ፤ ግን ሽርሽር ሲባል መኪና፣ የተቋጠረ ምግብ፣ ቢሾፍቱና ሶደሬ ይታወሱናል፤ የጫጉላ ሽርሽሩንም ሙሽሮች ወስደውታል። «ናፈስ ብዬ ልምጣ» የሚለው ቤት ያፈነው ወይም ከሕመም ያገገመ ሰው ነው። «እግሬን ላፍታታ» ባዩም ሲቀመጥ የዋለ ነው። ወክ ግን ምክንያት አይጠይቅም፤ እኔም የምወደው ለዚሁ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባ ተማሪ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከእራት በኋላ፣ ላይብረሪ ከመገባቱ በፊት ያለችው ሰዓት የወክ ናት። ኪስ ባዶ ስለሆነ ማኪያቶ መጋበዝ አይታሰብም፤ ግቢውን መዞር ግን በነጻ ነው። ስንቱ ትዳር እዚያ ተጀመረ! «እስቲ ወክ እናድርግ» ሲባል የሚነገር ነገር እንዳለ የማይገባው የለም። ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያፍሩበት ወሬ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን አይጋጩማ።

ሐዋሳና ባሕር ዳር በሐይቃቸው ዳር፣ ድሬዳዋ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ወክን ያውቁበታል። አዲስ አበባ ናት የዘገየችው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሑድ አንዳንድ ጎዳናዎችን ለመኪና መዝጋት ጀመረች። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ተዘረጋ፤ ማታ ማታ ልጁን እየመራ የሚንሸራሸር ቤተሰብ ማየት ተለምዷል።

መንገዱ ሰፋ፤ ጠያቂው ግን አልቀነሰም። የሚያውቅህ ሰው ሲያገኝህ «ወዴት ነው?» ይላል። «ዝም ብዬ ነው» ብትለው አያምንህም። ወንዱስ ስቆ ያልፋል፤ ልጅቷ ናት ሰበብ ይዛ መውጣት ያለባት። «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ትላለች። ስትመለስ «ይህን ያህል የቆየሽው ምን ስትገዢ ነው?» ይጠብቃታል። ወንድሟ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢገባ የሚጠይቀው የለም። እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ከጓደኛዋ ጋር «ወክ ልናደርግ ነው» ብላ በስሙ ጠርታ ትውጣ። መመለሻ ሰዓቷን ተነጋገሩ እንጂ ሰበብ አታስፈጥሯት።