ገመዱ ሲወጠር ልጆቹ የት ናቸው?
ክረምት ሲገባ ጭቃ የያዘው ከባድ መኪና የመንደሩን ልጆች ሁሉ ይሰበስባል። ወላጆችና አያቶች፣ ልጁን ከጭቃው ስትጠብቁ ገመዱን አትርሱ። ሌላ መኪና ሲጎትት የተወጠረው የብረት ገመድ ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ተመልሶ አጥንት ይሰብራል፤ የተነቀለ መንጠቆም ሰው ይገድላል። ገመዱ 10 ሜትር ከሆነ ልጆቹን ቢያንስ 15 ሜትር አርቁ፤ በመኪኖቹ መካከልም ሆነ በገመዱ አቅጣጫ ማንም አይቁም። ጎማው በባዶ ሲሽከረከር ይበልጥ ስለሚሰምጥ፣ ሹፌሩ አስቀድሞ ጭቃውን አስዝቆ ድንጋይ ያስነጥፍ። ገመዱ መሐል ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ቢጣል ምቱን ያበርዳል።
ሰው ተጎድቶ ከደማ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ጨርቁ ቢርስም ሳታነሡ ሌላ ደርቡበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ጥሩ።
መኪናው ጭቃ ውስጥ ቢያድር ምንም አይደል፤ ልጅ ግን በሰላም ቤቱ ይደር።