ፖሊስ ማለት ምን ማለት ነው?

ከፈረንጅ ከተዋስናቸው ቃላት መካከል እንደ «ፖሊስ» ከአፋችን የማይጠፋ ጥቂት ነው። ትርጓሜውን ግን ስንቶቻችን መርምረናል?

ቃሉን ያገኘነው ከእንግሊዞችና ከፈረንሳዮች ቢሆንም ሥሩ ግሪክ ነው። በጥንት ግሪኮች ዘንድ «ፖሊስ» ማለት ከተማ፣ ይኸውም ራሱን የሚያስተዳድር የዜጎች ማኅበር ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም በመጀመሪያ የያዘው ትርጉም የአገር አስተዳደር እንጂ ዱላ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ያቋቋመው በ1829 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ፖሊስና ፖለቲካ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የኢንሹራንስ «ፖሊሲ» ግን በድምፅ ቢመስላቸውም ዘመዳቸው አይደለም፤ እርሱ «ማስረጃ» ከሚል ሌላ የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

በአገራችን ቀድሞ የአራዳ ዘበኛ ይባል ነበር። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ። ኮልፌ የሰፈረው የፖሊስ ጦር ግን ጥሩ የአማርኛ ስም ነበረው፦ ፈጥኖ ደራሽ። «ደራሽ» ደግሞ በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው። የተጨነቀ ሰው «ድረሱልኝ!» ሲል የሚመጣለት ደራሽ ነው፤ ሳይታሰብ መጥቶ ሰውና ከብት የሚጠርገውም ደራሽ ጎርፍ ነው።

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውጊያ ትምህርት የተማሩት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ሠፈር ነው። ስድስት ወር ሊቆዩ ታስቦ ሳለ ጊዜው ሳይሞላ ተጠርተው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 29 ቀን የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ያዛቸው፤ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስም አልተፈቱም። ያስተማራቸውም ፖሊስ፣ ያሰራቸውም ፖሊስ! ስሙ አንድ ነው፤ ያሰራቸው ግን አብዛኛውን ሕዝብ ከዜግነት ያወጣ ሕግ ጠባቂ ነበር።

የእኛው ሁልጊዜ ደጉ ደራሽ ነበር ማለታችን አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች ፖሊስን ያወቁት በዱላው ነበር።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ፖሊስ የሚለውን ስም የተሸከመ ሁሉ «የከተማው ነኝ፣ የዜጋው ነኝ» ማለቱ ነውና በዚሁ ይመዘን። በፖሊስ ትምህርት ቤቶችም የመጀመሪያው ትምህርት የዚህ ቃል ትርጓሜ ቢሆን መልካም ነው። እኛም ተማሪዎች ድርሻ አለን። ፖሊስን በጅምላ መስደብ አይጠቅመንም፤ ፈርቶ ዝም ማለትም ከዜጋ አይጠበቅም። በጨዋ ቋንቋ «ለማን ነው የምትደርሰው?» ብሎ መጠየቅ ግን መብታችን ነው።