ሃያው ለሥራው፣ ሰማንያው ለጩኸቱ

«ከጊዜያችሁ 20 በመቶውን ይዘቱን ለመሥራት፣ 80 በመቶውን ለማስተዋወቅ አውሉት።» ሰሞኑን ከቀሐ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ ለጎንደር ወጣቶች በተሰጠ የማኅበራዊ ሚዲያ ማርኬቲንግ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ በሰሌዳው ላይ በትልቁ የጻፈው ይህን ነበር። አዳራሹን የሞላው ወጣት ስልኩን እያወጣ ፎቶ አነሳው። «ለምን?» ያለ አልነበረም።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አወጣች። እናቷ ስፌት ይሰፋሉ። እሷ ደግሞ ስንደዶው ከሚለቀምበት፣ አክርማው ቀለም ከሚነከርበት ጀምሮ መሶቡ ክዳኑን እስኪያገኝ ያለውን ሥራ በስልኳ እየቀረጸች ታሳያለች። «አንድ መሶብ ተጀምሮ እስኪያልቅ ወራት ይፈጃል፤ አጠገባቸው ካልተቀመጥኩ ዋናው ነገር ያመልጠኛል። ታዲያ በ20ው እንዴት ይሆንልኛል?» ብላ ጠየቀች። «የኔ እኅት፣ ያን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ያይልሻል? ያለቀውን መሶብ ለሠላሳ ሰከንድ ቅረጪና ሙዚቃ አስገቢበት። የቀረውን ጊዜ ሼር አስደርጊበት» አላት። ልጅቷ ዝም ብላ ተቀመጠች። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። 80 ከ20 የሚለው ነገር ሲጠራ የሳይንስ ሽታ ስላለው ሰው አይጠይቀውም። መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሀብት ክፍፍልን ያጠናው የኢጣሊያው የኢኮኖሚ ሊቅ ቪልፍሬዶ ፓሬቶ ነው። የአገሩ ሀብት ብዙው በጥቂቶች እጅ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ጆሴፍ ጁራን የተባለ የጥራት ባለሙያ ሐሳቡን ወደ ፋብሪካ ወሰደው። በምርት ላይ የሚታየው አብዛኛው ጉድለት ከጥቂት ምክንያቶች ይመነጫል፤ ስለዚህ ጥቂቶቹን ወሳኝ ነገሮች ለይተህ ጉልበትህን እነሱ ላይ አውል አለ። የሕጉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ስለ ሼር፣ ስለ ላይክ፣ ስለ ታግ የሚለው አንዳች ነገር የለም። እንዲያውም ሕጉ በትክክል ከተነበበ ለአሠልጣኙ መልሶ ይፈርድበታል። ውጤቱን የሚወልደው ጥቂቱ ወሳኝ ነገር ሥራው ራሱ ከሆነ፣ ጉልበት መዋል ያለበት እሱ ላይ ነው። በአዳራሹ የተሰበከው ግን የዚህ ግልባጭ ነው፦ ከወሳኙ ላይ ጊዜ ነጥቆ ለአጃቢው መስጠት። ጠላው ሳይጠነሰስ ማኅበርተኛውን መጥራት ማለት ይህ ነው።

20 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። ሥራ ፈላጊ ወጣት በሳምንት አሥር ሰዓት ለዚህ ነገር ቢሰጥ፣ በዚህ ስሌት ለሥራው የሚቀረው ሁለት ሰዓት ነው። ስምንቱን ሰዓት ሊንክ ሲለጥፍ፣ በየቴሌግራም ግሩፑ «ገብታችሁ እዩልኝ» ሲል፣ በማያውቃቸው ሰዎች ኮሜንት ሥር «ፎሎው አድርጉኝ» እያለ ሲጽፍ ያሳልፈዋል። በሁለት ሰዓት ስለ ጎንደር ምን ሊሠራ ይችላል?

የራሳችንን መዋኛ እንውሰድ፤ የፋሲለደስን መዋኛ። በየዓመቱ ጥር 11 ጠዋት ጸበሉ ከተባረከ በኋላ ወጣቶች ወደ ውኃው ሲዘሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልካችንን ያጥለቀልቀዋል። አንግሉ ያው ነው፤ ሙዚቃው ያው ነው፤ «ጎንደር ትለያለች» የሚለው ጽሑፍም ያው ነው። የአንዱን ቪዲዮ ሌላው ቆርጦ የራሱን ስም ይለጥፍበታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን የረሳ ትውልድ እያፈራን ነው። ግን ያ ውኃ ከየት መጣ? ዓመቱን ሙሉ ባዶ የሚሆነው መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሐ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ነው። ቦዩ ከወንዙ የሚነሳው የት ላይ ነው? ማን ይጠርገዋል? ውኃውን መልቀቅ የሚጀመረው ስንት ቀን ሲቀረው ነው? በግንቡ አጥር ድንጋይ ላይ ሥራቸውን እንደ ጣት ዘርግተው የቆሙት ዛፎች አጥሩን እየደገፉት ነው ወይስ እየሰነጠቁት? ይህን ለማወቅ ወንዙን ተከትሎ መሄድ፣ ሽማግሌ መጠየቅ፣ ደብተራ ማነጋገር፣ ግንበኛ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። በሁለት ሰዓት አይሆንም።

ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ድልድዩ ሥር የተከማቸ ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ከየቤቱ የሚለቀቅ ፍሳሽ፣ በሳሙና አረፋ የደፈረሰ ውኃ ያያል። ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በታኅሣሥ 2012 ነው፤ ፋሲል ግቢ ደግሞ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሰፍሯል። ሁለቱን መዝገቦች አንድ ቦታ ላይ የሚያገናኘውን መዋኛ የሚሞላው ወንዝ ይህን መስሎ ሲወርድ፣ ስለ ወንዙ የሚሠራ ወጣት እናጣለን። ምክንያቱም ወንዙ በሠላሳ ሰከንድ አይነገርም፤ ሼርም አያስደርግም ተብሎ ተፈርዶበታል። ይህ ፍርድ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

«ይህ የባህል ሰው ምኞት ነው፤ ገበያው የሚፈልገው ሌላ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በገበያው ቋንቋም ቢሆን ትምህርቱ ስህተት ነው። ፌስቡክ በታኅሣሥ 2010 «ላይክ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ፣ ጓደኛችሁን ታግ አድርጉ» እያሉ የሚለምኑ ጽሑፎችን ወደ ታች እንደሚያወርድ፣ ይህን የሚደጋግሙ ገጾችንም ተደራሽነታቸውን እንደሚቀንስ በይፋ አስታውቋል። ዩቲዩብ በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቪዲዮዎችን የሚያስቀድምበትን መለኪያ ከጠቅታ ብዛት ወደ ታየበት የጊዜ ርዝመት አዞረው። በጥር 2010 ደግሞ ከማስታወቂያ ገቢ ተካፋይ ለመሆን 1,000 ሰብስክራይበርና በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ያስፈልጋል አለ። 4,000 ሰዓት የሚሞላው ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ ነው። ለምኖ ያስገቡት ተመልካች በአምስተኛው ሰከንድ ይወጣል፤ መውጣቱንም ማሽኑ ይቆጥራል። እንግዲህ ወጣቶቻችን የሚማሩት የመድረኮቹ ባለቤቶች ራሳቸው ከዓመታት በፊት የቀጡትን ልመና ነው።

ገንዘቡስ? 80ው ጊዜ ብቻ አይወስድም። ፓኬጅ ያስገዛል፤ ቡስት ያስደርጋል። ጎንደር ላይ ያለ ወጣት በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ስለሌለው ቡስቱን የሚያስደርገው በቴሌግራም ላይ በብር በሚቀበሉ ደላሎች በኩል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ቀድሞ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ያኔ አሥር ዶላር ለማስከፈል የሚበቃ ብር ዛሬ ግማሹን አይሸፍንም። ከእናቱ ኪስ የወጣ ብር ካሊፎርኒያ ለሚገኝ ኩባንያ ይሄዳል፤ ቪዲዮው ግን ያው በሁለት ሰዓት የተሠራው ቪዲዮ ነው። ሥልጠናውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ወጣቱን ራሱን ይቻል ብለው ከሆነ የሰበሰቡት፣ ይህን ሒሳብ ለምን ሰሌዳ ላይ አልጻፉትም?

ከገንዘቡ የከበደ ጉዳይ አለ። መድረሱን ብቻ የሚያስተምር ትምህርት የሚደርሰው ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የአማራ ክልል ሰው ይህ ምን ዋጋ እንዳስከፈለ መማር የሚያስፈልገው አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓርግ አማረ በጥቅምት 2014 በቤታቸው ደጅ ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቶአቸው በፌስቡክ ላይ ከነክሱ ተሠራጭቶ ነበር። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ከኩባንያው የወጣችው ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ፣ ምላሽ የሚቀሰቅሰውን ሁሉ የሚያስቀድመው አሠራር በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እንደሚያራግብ መስክራለች። ቁጣ ከማንም በፊት ሼር ይደረጋል። ወጣትን «ዋናው ሼሩ ነው» ብሎ ያሠለጠነ ሰው፣ ወጣቱ ነገ ቁጣን ሸቀጥ አድርጎ ቢያገኘው እጁ የለበትም ሊባል አይችልም።

ሕጋችንም ይህን አይቶታል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሠራጭ ቅጣቱ እንዲከብድ ደንግጓል። ተከታይ በበዛ ቁጥር ኃላፊነት ይበዛል ማለት ነው። በዚያ አዳራሽ ተከታይ ስለማብዛት ብዙ ተወራ፤ ስለዚህ ድንጋጌ አንድ ቃል አልተነሣም። መረጃን ማጣራት ከ80ው ውስጥ የለም። ከ20ው ውስጥ ነው ቢባል እንኳ፣ ከሁለት ሰዓት ላይ ስንት ደቂቃ ይደርሰዋል?

ይህ አገር ነገርን ማሠራጨት ጎድሎት አያውቅም። አለቃ ገብረ ሃና ሐይቅ ዳር ሆነው ደንገሉ በማዕበሉ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የአቋቋም ሥርዓት እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ልጃቸው ተክሌ ግን ተምሮት፣ ጠንቅቆት፣ ደብረ ታቦር ላይ ወንበር ዘርግቶ አስተማረው። ዛሬ የተክሌ አቋቋም የማይታወቅበት ደብር ማግኘት ይቸግራል። ያሠራጨው ጥንቅቅ ብሎ የተማረ ደቀ መዝሙር ነው። የአለቃ ቀልድና ቅኔ ደግሞ ያለ አንድ ማስታወቂያ ከአፍ ወደ አፍ ተሻግሮ ዛሬም የእያንዳንዳችን ቤት ይገባል። ሰው መልሶ የሚያወራው መልሶ ሊያወራው የሚገባ ነገር ሲያገኝ ነው። ይህንን በጎንደር ማስረዳት ሊያስፈልግ አይገባም ነበር።

ማስተዋወቅ አያስፈልግም አልልም። ሥራው ካለቀ በኋላ ለሚመለከተው ሰው ማድረስ የሥራው ክፍል ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። ግን ቦታው መጨረሻ ላይ ነው፤ ድርሻውም ትንሹ ነው። ሥልጠና የምታዘጋጁ ቢሮዎች፣ ማኅበራትና በጎ አድራጊዎች ሆይ፣ ከወጣቱ ላይ ያን ቁጥር አንሡለት። ለአንድ ቀን አዳራሹን ዝጉና ወጣቶቹን ቀሐ ውረዱ በሏቸው፤ ወንዙን ከላይ እስከ መዋኛው ይከተሉት፤ ያዩትን ይጻፉ፣ ይቅረጹ፣ ይጠይቁ። የስፌት ባለሙያ፣ የኖራ ግንበኛ፣ የአቋቋም መምህር፣ ድምፅ የሚያስተካክልና ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ጋብዙላቸው። ቀንና ስም እንዴት እንደሚጣራ አስተምሯቸው። ለሥልጠና የተመደበው ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ወጣቱም የሕዝብ ልጅ ነው። ልመና የተማረ ወጣት ለዚህች ከተማ አይጠቅማትም። ሥራ የተማረ ይጠቅማታል፤ ስለዚህ ሥራ አስተምሩት።